የእግር ዜማ፤ የታፕ ዳንስ ታሪክና ዳግመኛ መነሣቱ

ሰው ከአካሉ ክፍሎች ሁሉ ለአፉና ለእጁ ከፍ ያለ ክብር ይሰጣል። አፍ ያነብባል፤ ይመክራል፤ ይፈርዳል። እጅ ይጽፋል፤ ያርሳል፤ ይባርካል። እግር ግን ከቤት ወደ ሥራ፣ ከሥራም ወደ ቤት ከማድረስ በቀር ሌላ ዕውቀት ያለው አይመስለንም። ስለዚህም ልጆቻችን እጃቸውን ለጽሕፈት፣ አንደበታቸውንም ለንባብ እንዲያለማምዱ እንተጋለን፤ እግራቸውን ያንቀሳቀሱ እንደ ሆነ ግን «አርፈህ ተቀመጥ» ማለትን እናዘወትራለን።

ነገር ግን እግር ራሱ እንደ ከበሮ የሚመታበት፣ እንደ አንደበትም የሚናገርበት ጥበብ በዓለም ላይ አለ። ስሙ ታፕ ዳንስ ይባላል፤ ታፕ ማለት በእንግሊዝኛ ቀለል አድርጎ ማንኳኳት ማለት ነው። ይህ ጥበብ የጥቁር ሕዝብ ልጆች በመከራቸው ዘመን ያፈለቁት፣ ከዚያም ብዙ ዓለም የወደደው፣ በኋላም ሊረሳ ከተቃረበ በኋላ እንደ ገና የተነሣ ነው። እንዴት እንደ ተወለደ፣ ለምን እንደ ወደቀ፣ በማንስ እጅ እንደ ተነሣ ማወቅ ልጅ ለሚያሳድግ ሁሉ ይጠቅማል ብዬ ስለማምን ይህን ጽፌአለሁ። ለመጻፍ ያነሣሣኝ ከገዛ ቤታችን የተነሣ ነገር ስለ ሆነ፣ አንባብያን ቢፈቅዱልኝ ከዚያው እጀምራለሁ።

በአንድ ክረምት፣ ኑሮዋን በአሜሪቃ ያደረገች እኅቴ የ12 ዓመት ልጇን ይዛ ወደ ኮላ ድባ ወደ አባታችን ቤት መጣች። ኮላ ድባ ከጎንደር በስተ ደቡብ ምዕራብ፣ ከጣና ሐይቅ በስተ ሰሜን በተዘረጋው በደምቢያ ሜዳ ላይ ያለች ከተማ ናት። የደምቢያ አፈር ጥቁርና ወፍራም ነው፤ ጤፉንና ሽምብራውን አሳምሮ ያበቅላል፤ በክረምት ግን የሰውን እግር እስከ ቁርጭምጭሚቱ ይውጣል።

ልጅቱ በሻንጣዋ ውስጥ በጨርቅ የተጠቀለለ አንድ ጥቁር ጫማ ነበራት። ገልብጬ ባየሁት ጊዜ፣ ከአፍንጫው በታች አንድ፣ ከተረከዙም በታች አንድ ብረት በብሎን ታስሮበት አገኘሁ፤ በመጀመሪያም የፈረስ ናል መሰለኝ። እኅቴ ለብቻዬ ወስዳ ነገሩን አጫወተችኝ። ልጅቱ በየሳምንቱ ሁለት ምሽት ታፕ ዳንስ ትማራለች፤ ለትምህርቱ ገንዘብ ይከፈላል፤ በዚያውም ዓመት የሒሳብ ውጤቷ ዝቅ ብሎአል። ስለዚህ እናቲቱ ወደ አሜሪቃ ሲመለሱ ዳንሱን ልታስቀራት ቆርጣ ነበር። ነገር ግን ልጅቱ የአያቷን ቃል እጅግ ታከብር ስለ ነበረ፣ «አባባ ራሳቸው ይበሉልኝ» ብላ አሰበች።

ነሐሴ 12 ቀን ማታ፣ በቡሄ ዋዜማ፣ የሰፈር ልጆች እንደ ልማዳቸው ሆያ ሆዬ እያሉ ወደ ግቢያችን ገቡ። ዱላቸውን በአንድነት እያነሡ በአንድነት ምድርን ሲመቱ፣ ልጅቱ ሰምታ ወደ ቤት ሮጠች፤ ያን ጫማዋንም አጥልቃ ወጥታ በመካከላቸው ቆመችና እግሯን ትመታ ጀመር። ይሁን እንጂ ጭቃው ድምፁን ሁሉ ዋጠው። ልጆቹ ሳቁ፤ እርሷም አፈረች።

አባቴ በዚያን ጊዜ ጋቢያቸውን ተከናንበው በደጃፉ መደብ ላይ ተቀምጠው ነበር። ዕድሜያቸው ከ80 ዓመት ያለፈ፣ በወጣትነታቸው በጎንደር በዓታ አቋቋም የተማሩ፣ የአገሩም ሰው «የኔታ» እያለ የሚጠራቸው ሽማግሌ ነበሩ። ዓይናቸው ደክሞአል፤ ጆሮአቸው ግን አልደከመም። «ያን የጓዳውን ሳንቃ ንቀሉና አንጥፉላት» ብለው አዘዙ። በሩን ነቅለን በጭቃው ላይ አጋደምነው፤ ልጅቱም ወጣችበት።

መጀመሪያ ቀስ ብላ ነበር፤ አንዱ እግር ይጠይቃል፣ ሌላው ይመልሳል። ቀጥሎ ፈጠነች፤ በመጨረሻም በቆርቆሮ ላይ እንደሚወርድ በረዶ ሆነ። የልጆቹ ዱላ በየእጃቸው ቀረ። አባቴ ጆሮአቸውን ወደ ሳንቃው አዘንብለው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ የቀኝ እጃቸውን ጣቶች በጉልበታቸው ላይ እያነሡና እየጣሉ ይቈጥሩ ነበር። ስትጨርስም ጠሩአት።

«ማን አስተማረሽ፣ ልጄ?»

«መምህሬ ናት፣ አባባ።»

«እርሷንስ ማን አስተማራት?»

«እንጃ፣ አባባ። አንቱንስ ማን አስተማረዎ?»

አባቴ ፈገግ ብለው የመምህራቸውን ስም፣ የመምህራቸውንም መምህር ስም፣ እንዲሁ እያሉ እስከ አምስተኛው ድረስ ቈጠሩላት። ከዚያም ወደ እኔ ዞረው፣ «አንተ ዕድሜህን ሙሉ የፍርድ ቤት መዝገብ ስታገላብጥ ነው የኖርኸው። የዚህችን ልጅ ትምህርት ሐረግ ፈልገህ አምጣልኝ፤ ስለ እርሷ የምፈርደውን ከዚያ በኋላ እፈርዳለሁ» አሉኝ። ፈልጌ ያገኘሁት የሚከተለው ነው። የውጭ አገሩ ዘመን ሁሉ በኤውሮፓውያን አቆጣጠር መሆኑን አንባቢ ያስተውል።

አጀማመሩ

የታፕ ዳንስ ሥሩ ሁለት ነው። አንደኛው ሥር ከምዕራብ አፍሪቃ በባርነት ተይዘው ወደ አሜሪቃ የተጋዙት ሰዎች በልባቸው ይዘውት የሄዱት የከበሮና የእግር ጭፈራ ነው። ሁለተኛው ሥር ከድኽነት ሸሽተው ወደዚያው የተሰደዱት የአየርላንድና የእንግሊዝ ሰዎች ይዘውት የሄዱት ነው፤ ይኸውም ጂግ የሚባለው የአየርላንድ ጭፈራና የሰሜን እንግሊዝ የፋብሪካ ሠራተኞች በእንጨት ጫማ የሚመቱት ጭፈራ ነው።

በ1739 ዓመት በደቡብ ካሮላይና፣ ስቶኖ በሚባል ወንዝ አጠገብ፣ ባሮች መሣሪያ ነጥቀው ለነጻነታቸው ተነሡ። ሲጓዙም ከበሮ እየመቱ ወንድሞቻቸውን ይጠሩ ነበር። ዐመፁ በደም ተከተተ። በተከታዩ ዓመት በ1740 የወጣው ሕግ ባሮች ከበሮና መለከት እንዳይዙ ከለከለ። ነጋሪት ሲጎሰም ክተት መሆኑን ለሚያውቅ ሕዝብ፣ ጌቶቹ ከበሮን ለምን እንደ ፈሩ መግለጽ አያስፈልግም።

እነዚያም ሰዎች ከበሮው ከእጃቸው ቢወሰድ በመዳፋቸው፣ በደረታቸውና በጭናቸው ላይ፣ ይልቁንም በእግራቸው መርገጫ ይመቱ ጀመር። ይህን በገላ ላይ የሚመታውን ምት ጁባ ይሉት ነበር። የእንጨት ወለል ባገኙበት ሁሉ ወለሉ ከበሮ ሆነላቸው። በደቡብ አፍሪቃም የወርቅ ማዕድን ቈፋሪዎች የጎማ ቦት ጫማቸውን በመዳፍ እየመቱና ምድርን እየረገጡ የሚጨፍሩት ጭፈራ የዚህ ዘመድ ይመስላል።

በ1840ዎቹ በኒው ዮርክ ከተማ፣ ፋይቭ ፖይንትስ በሚባለው የድኾች ሰፈር፣ ነጻ የወጡ ጥቁሮችና የአየርላንድ ስደተኞች ጎን ለጎን ይኖሩ ነበር። በመጠጥ ቤቱ ወለል ላይ አንዱ የሌላውን እግር እያየ ሁለቱ ጭፈራዎች ተጋቡ። ከዚያ መካከል ዊሊያም ሄንሪ ሌን የተባለ ጥቁር ወጣት ተነሣ፤ ሰውም «ማስተር ጁባ» አለው። የእንግሊዙ ደራሲ ቻርልስ ዲክንስ በ1842 ዓመት ወደዚያ ሰፈር ገብቶ አንድ ጥቁር ጨፋሪ አይቶ እጅግ ተደንቆ ጻፈ፤ ያም ጨፋሪ ይኸው ጁባ እንደ ነበረ ይታመናል። በ1844 ዓመትም ጁባ ከአየርላንድ ወገን ከሆነው ከታወቀው ጨፋሪ ከጆን ዳያመንድ ጋር በሕዝብ ፊት ተወዳደረ።

በ1848 ዓመት ይህ ጁባ ወደ ለንደን ተሻገረ። የተሻገረበት የጨዋታ ጓድ ስም ኢትዮጵያዊ መግለጫ ያለው፣ «የኢትዮጵያ ዘፋኞች» ለማለት የሚቀርብ ነበር። ጓዱ ከኢትዮጵያ ጋር አንዳች ዝምድና አልነበረውም። በዚያ ዘመን ነጮች ፊታቸውን አጥቁረው ጥቁሮችን እየቀለዱ የሚያሳዩበት ጨዋታ በአሜሪቃ ተስፋፍቶ ነበር፤ የጥንት መጻሕፍት ጥቁሩን ሕዝብ ሁሉ ኢትዮጵያዊ ይሉት ስለ ነበረም ተጫዋቾቹ ይህን ስም ለትርፍ ይይዙት ነበር። እንግዲህ ስማችን እኛ ሳናውቅ በለንደን አደባባይ ለቀልድ ተሰቅሎ ሳለ፣ በዚያ ስም ሥር በእውነተኛ ጥቁር እግር የቆመው ጁባ ነበር። የእንግሊዝ ጋዜጦችም የእግሩን ምት በአድናቆት ጻፉለት። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ግን ገና በወጣትነቱ ሞተ።

የተከበረበት ዘመን

ከዚህ በኋላ የእንጨቱ ጫማ በቆዳ ጫማ ላይ በሚታሰር ብረት እየተተካ ሄደ። ከአፍንጫው በታች ያለው ብረት ቀጭን ድምፅ፣ ከተረከዙ በታች ያለው ወፍራም ድምፅ ይሰጣል፤ የእኛ ከበሮ በጠባቡና በሰፊው አፉ ሁለት ድምፅ እንደሚሰጥ ማለት ነው። እግር ወደ ፊት ሲጠርግ አንድ፣ ወደ ኋላ ሲመለስ ሁለት፣ ተረከዝ ሲወድቅ ሦስት ምት ይሆናል። ብሎኑ ቢጠብቅ ወይም ቢላላ ድምፁ ይለወጣል፤ ስለዚህ ጨፋሪው ጫማውን እንደ ክራር ይቃኘዋል።

በዚህ ጥበብ ከሁሉ ይልቅ ስሙ የገነነው በ1878 ዓመት በቨርጂኒያ በሪችመንድ ከተማ የተወለደው ቢል ሮቢንሰን ነው። ወላጆቹ በልጅነቱ ሞተውበት በአያቱ እጅ አደገ። ደረጃ እየወጣና እየወረደ፣ እያንዳንዱን እርከን በየራሱ ድምፅ እያናገረ በመጨፈሩ ታወቀ። በ1935 ዓመት ከትንሿ የሲኒማ ተጫዋች ከሸርሊ ቴምፕል ጋር እጅ ለእጅ ተያይዘው በደረጃ ላይ ጨፈሩ። ጥቁርና ነጭ በአንድ ወንበር በማይቀመጡበት ዘመን ይህ ቀላል ነገር አልነበረም። በ1949 ዓመት በሞተ ጊዜም እጅግ ብዙ ሕዝብ አስከሬኑን ሸኘው።

ፋያርድና ሃሮልድ የተባሉት የኒኮላስ ወንድማማቾች ደግሞ የቴአትር ሙዚቀኞች ልጆች ነበሩ። ታላቁ ከወላጆቹ ሥራ ስፍራ በተመልካች ወንበር ተቀምጦ የጨፋሪዎችን እግር እያጠና ራሱን አስተማረ፤ ታናሹንም አስተማረ። በ1943 ዓመት በወጣው «ስቶርሚ ዌዘር» በተባለው ሲኒማ፣ ከሰፊ ደረጃ ላይ አንዱ በሌላው ራስ ላይ እየዘለለ፣ እግራቸውን ዘርግተው እየወደቁ፣ እጃቸውንም ሳያስደግፉ እየተነሡ የጨፈሩት ጭፈራ እስከ ዛሬ ያስደንቃል።

አባቴን ከሁሉ ይልቅ ደስ ያሰኛቸው ግን የሲኒማው ነገር አይደለም። በኒው ዮርክ በሐርለም ሰፈር «ሁፈርስ ክለብ» የሚባል አንዲት አሮጌ ፒያኖ ያለባት ጠባብ ክፍል ነበረች። ታፕ ጨፋሪዎች ሌሊትና ቀን እዚያ እየተሰበሰቡ ይወዳደሩ፣ ይተራረሙ ነበር። ያልተጻፈ ሕጋቸውም፣ ማንም የሌላውን እርምጃ እንዳለ እንዳይሰርቅ፣ ከወሰደም የራሱን ጨምሮ እንዲያወጣው የሚያዝ ነበር። ይህን ባነበብሁላቸው ጊዜ አባቴ ራሳቸውን እየነቀነቁ፣ «ይህማ የቅኔ ቤት ሕግ ነው» አሉ።

መውደቁና መነሣቱ

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ታፕ ዳንስ ወደቀ። ምክንያቱ ብዙ ነው። የኒው ዮርክ ቴአትሮች ወደ ባሌት አዘነበሉ፤ በ1944 ዓመት በዳንስ ቤቶች ላይ ከባድ ቀረጥ ተጣለ፤ ጨፋሪዎቹን ያጅቡ የነበሩት ታላላቅ የሙዚቃ ጓዶች ተበተኑ፤ ወጣቱም በሮክ ኤንድ ሮል ተማረከ። ሊቃውንቱ ጫማቸውን ሰቅለው ሌላ እንጀራ ፈለጉ። ከእነርሱ አንዱ ሆኒ ኮልስ በሐርለም በአፖሎ ቴአትር የመድረክ ሥራ ኃላፊ ሆኖ፣ ሌሎች ሲጫወቱ መጋረጃ የሚያስከፍት ሆነ። ከጥቂቶች በቀር እግሩን ያየለት አልነበረም።

በ1970ዎቹ ግን ነገሩ ተለወጠ። ብሬንዳ ቡፋሊኖና ጄን ጎልድበርግን የመሳሰሉ ወጣቶች፣ ከእነዚህም ብዙዎቹ ሴቶች የሆኑ፣ ተነሥተው ሽማግሎቹን ካሉበት ፈለጉአቸው። «አስተምሩን» አሉአቸው፤ ከእነርሱም ጋር ወደ መድረክ ወጡ። ሆኒ ኮልስ በ1983 ዓመት፣ በ72 ዓመት ዕድሜው፣ ቶኒ የተባለውን ከፍተኛ የቴአትር ሽልማት ተቀበለ። በ1989 ዓመት ግሬጎሪ ሃይንስ «ታፕ» በተባለው ሲኒማ ውስጥ የተረሱትን ሊቃውንት በአንድ ወለል ላይ ሰበሰባቸው፤ ገና ልጅ የነበረው ሴቪየን ግሎቨርም በዚያው ሲኒማ ውስጥ አብሮአቸው ነበረ። በዚያው ዓመት የአሜሪቃ ምክር ቤት ወስኖ፣ ፕሬዚዳንት ጆርጅ ኤች ደብልዩ ቡሽም ፈርሞበት፣ የቢል ሮቢንሰን የልደት ቀን ግንቦት ወር በገባ በ25ኛው ቀን የታፕ ዳንስ ብሔራዊ ቀን ሆነ።

ያም ልጅ ግሎቨር አድጎ በ1996 ዓመት፣ የጥቁርን ሕዝብ ታሪክ ከባርያ መርከብ ጀምሮ በእግር ምት የሚተርክ ቴአትር በብሮድዌይ አሳይቶ ሽልማት አገኘ። በ2015 ዓመት ሚሼል ዶራንስ በታፕ ዳንስ ሥራዋ ማክአርተር የተባለው ታላቅ ስጦታ ተሰጣት። በ2021 ዓመትም የአሜሪቃ ፖስታ ቤት የታፕ ጨፋሪዎች ምስል ያለባቸውን 5 ቴምብሮች አወጣ። ዛሬ ይህን ጥበብ የሚማሩ ልጆች በአሜሪቃ ብቻ ሳይሆኑ በብራዚልና በጃፓንም ይገኛሉ።

የልጅቱንም መምህር በደብዳቤ ጠየቅናት። እርሷ ከአንዲት ሴት እንደ ተማረች፣ ያችም ሴት በ1970ዎቹ ከአንድ የሐርለም ሽማግሌ እግር ሥር ተቀምጣ እንደ ተማረች ጻፈችልን። ሐረጉ ተገኘ ማለት ነው።

በአገራችን ያለው

ይህን ስጽፍ፣ «የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች» የሚለው ምሳሌ በጆሮዬ ይጮህ ነበር። እኛስ በእግርና በምት የሚጠበቅ ዕውቀት የለንምን?

አለን። ከማሕሌታይ ያሬድ ዘመን ጀምሮ በቅኔ ማኅሌት የሚቆመው አቋቋም ይህ ነው። አንዱ ዜማ መጀመሪያ በቁም ይባላል፤ ቀጥሎ በመቋሚያ ይዘመማል፤ ቀጥሎም በጸናጽልና በከበሮ ይመረገዳል፤ በጽፋትና በወረብ ይፈጸማል። መረግድ የሚለው ስም የወጣው ረገደ ከሚለው የግዕዝ ግሥ ነው፤ ትርጓሜውም በእግር መታ፣ ረገጠ፣ ጨፈረ ማለት ነው። እንግዲህ የእግር ምት በእኛ ዘንድ ከቃሉ ሥር አለ። በእርግጥ ሁለቱ አንድ አይደሉም፤ ታፕ ለሰው ዓይንና ጆሮ ይታያል፤ አቋቋም ግን ምስጋና ነው። ይሁን እንጂ ሁለቱም የሚጠበቁት በሰው ገላ ውስጥ ነው፤ ሁለቱም የሚተላለፉት ከመምህር ወደ ደቀ መዝሙር ብቻ ነው።

ጥር 10 ቀን 1880 ዓ. ም. በዚሁ በደምቢያ፣ ሣር ውሃ በተባለው ስፍራ፣ የንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ጦር በደርቡሽ ድል ሆነ። ደርቡሽም ወደ ጎንደር ገብቶ አብዛኞቹን አብያተ ክርስቲያናት አቃጠለ። መጽሐፉ ነደደ፤ ሕንፃው ፈረሰ። አቋቋም ግን ከእሳቱ በተረፉት ሊቃውንት አንደበትና እግር ውስጥ ነበረና አልነደደም። ከበሮአቸውን የተቀሙት ባሮች ምታቸውን በእግራቸው እንዳስቀመጡ፣ እኛም የተቃጠለብንን በመቋሚያችን አቆየነው። ጎንደር በዓታ እስከ ዛሬ የአቋቋም ምስክር ቤት ነው።

ደግሞም ስለ አለቃ ገብረ ሐና እናስብ። ሕዝባችን እኒህን የፎገራ ሰው የሚያስታውሳቸው በቀልዳቸው ነው። የአቋቋም ሊቅነታቸውን የሚያስታውስ ግን ጥቂት ነው። አባቶች ሲተርኩ፣ አለቃ የጣናን ማዕበልና የሸምበቆውን ዝንባሌ ተመልክተው፣ ወደ ግራና ወደ ቀኝ የሚያዘነብል አዲስ ዝማሜ አወጡ ይላሉ። የጎንደር ሊቃውንት ግን ከአባቶች አልወረድንም ብለው አልተቀበሉትም። አለቃም ለልጃቸው ለተክሌ አስተማሩ። ተክሌም በደብረ ታቦር አስፋፋው፤ ስለዚህ ዝማሜው ዛሬ በአባትየው ስም ሳይሆን በልጁ ስም «ተክሌ» ይባላል። አባት ያፈለቀውን ልጅ ባይቀበለው ኖሮ ከአለቃ ጋር አንድ ጥበብ በተቀበረ ነበር፤ ለእኛም ቀልዱ ብቻ በቀረልን።

የአባቴ ፍርድ

ጽሑፉን በአንድ ምሽት ለአባቴ አነበብሁላቸው። እኅቴና ልጇም ተቀምጠው ይሰሙ ነበር። ስለ ከበሮው መከልከል ስደርስ፣ «ድገመው» አሉኝ፤ ደገምሁት። እስከ መጨረሻው ከሰሙ በኋላ ጥቂት ዝም ብለው ቈዩና ወደ እኅቴ ዞሩ።

«ልጅሽ ሐረግ ያለው ትምህርት ይዛለች። ሒሳቡ ጎድሎ እንደ ሆነ ሒሳቡን ሙዪላት፤ እግሯን አትቁረጪ» አሉአት። ልጅቱንም ጠርተው፣ «አንቺም የመምህርሽን መምህር ስም እወቂ። የተማርሽውንም አንድ ቀን ለሌላ ልጅ ስጪ፤ ዕዳሽ ይህ ነው» አሉአት። እርሷም ጉልበታቸውን ሳመች።

ከዚያ ወደ እኔ ተመለከቱ። በደከመው ዓይናቸው ምን ያህል እንዳዩኝ አላውቅም። «የልጅቱን ሐረግ አገኘህ፤ መልካም ነው። የአንተስ ሐረግ የት ላይ ተቈረጠ?» አሉኝ።

የምመልሰው አጣሁ። በልጅነቴ አባቴ ከፊታቸው አቁመው መቋሚያ አስይዘውኝ ነበር። ዜማ ቁሙን ጨርሼ ዝማሜውን ገና ስጀምር፣ የውጭ ቋንቋ ለመማር ወደ ሚስዮን ትምህርት ቤት ገባሁ፤ ከዚያም ወደ ጽሕፈት ሥራ ዞርሁ። ብዕሩ እንጀራ ሰጠኝና አላማርርም። ነገር ግን ሁለቱን መያዝ ይቻል ነበር፤ አንዱ ሌላውን ያስጥላል ብዬ የወሰንሁት እኔ ነኝ። አባቴም በዚያ ሁሉ ዘመን አንድ ቀን እንኳ አልወቀሱኝም ነበር።

እኅቴና ልጇ ከሄዱ በኋላ፣ ከሥራ ስመለስ በየምሽቱ ከአባቴ ዘንድ መቀመጥ ጀመርሁ። የ9 ዓመት ልጄንም ይዤው እሄድ ነበር። እኔ ከብዙ ዘመን በኋላ የያዝሁት መቋሚያ በእጄ ላይ እንደ እንጨት ሆኖብኝ ሲደናቀፍ፣ ልጁ ግን ቶሎ ያዘው። አባቴ በተከታዩ ዓመት በጾመ ፍልሰታ ዐረፉ። ከእርሳቸው የተቀበልሁት ጥቂት ነው፤ ያልተቀበልሁት ከእርሳቸው ጋር ሄደ። ልጄ የተቀበለው ከእኔ ይበልጣል፤ አሁንም ትምህርቱን ሳይተው በየሰንበቱ ከሌላ መምህር ዘንድ ይቆማል።

ስለዚህ፣ ክቡራን አንባብያን ሆይ፤ በቤታችሁ ወይም በአጎራባቻችሁ አንድ ነገር በእጁ፣ በድምፁ ወይም በእግሩ የሚያውቅ ሽማግሌ ቢኖር፣ ልጆቻችሁን ዛሬ ከፊቱ አስቀምጡ። የአሜሪቃ ሽማግሎች ወጣቶች ፈልገው ስላገኙአቸው ጥበባቸው ዳነ፤ ጥቂት ዓመታት ቢዘገዩ ኖሮ የሚያገኙት መቃብር ነበር። ልጅም አዲስ ነገር ከሩቅ አገር ይዞ ቢመጣ፣ አትቸኩሉበት፤ በመጀመሪያ ማን እንዳስተማረው ጠይቁት።

ልጅቱ እስከ ዛሬ ታፕ ዳንሷን አልተወችም፤ ሒሳቧም ተሻሽሎአል። የጓዳውን ሳንቃ ወደ ስፍራው መልሰን ሰቅለነዋል። ብረቱ የጫረው ምልክት በላዩ ላይ ሞልቶአል። አናጢው ባየው ጊዜ ልላገው ብሎ ጠይቆ ነበር፤ አባቴ ግን በሕይወት ሳሉ ከልክለውታልና እንዳለ ትተነዋል።